ስኔክ ፕላንት በአዩርቬዳ መድኃኒት ነው ሲባል የትኛው ተክል ማለት ነው?

የቼናይ እንግዳ፦

የተከበራችሁ የውይይቱ ተሳታፊዎች፤ እናቴን ለልብ ምርመራ ይዤ ወደ ሕንድ ከመጣሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ያረፍነው ቼናይ ውስጥ፣ ከሆስፒታሉ ብዙም በማይርቅ የኪራይ ቤት ሲሆን፣ የቤቱ ባለቤት በዕድሜ የገፉ እጅግ ደግ ሴት ናቸው። ከትናንት በስቲያ እናቴ ቀኝ ጆሮዋን ደጋግማ ስትነካካ አይተው ምን እንደሆነች ጠየቁኝ፤ ከአውሮፕላን ከወረደች ጀምሮ ጆሮዋ ድፍን እንዳለና አልፎ አልፎም እንደሚወጋት ስነግራቸው ወደ ጓሮ ወጥተው አንድ ረዘም ያለ ወፍራም ቅጠል ቆርጠው መጡ። ቅጠሉን በምድጃው እሳት ላይ እያገላበጡ ለብ ካደረጉት በኋላ ጠምዝዘው ጭማቂውን በማንኪያ አጠራቀሙና ሁለት ሦስት ጠብታ ጆሮዋ ውስጥ ላድርግላት አሉ። ተክሉ «መሩል» እንደሚባል፣ እናታቸውም አያታቸውም ልጆቻቸውን ጆሮ ሲያማቸው የሚያደርጉት ይህንኑ እንደ ነበር አስረዱኝ። እኔ ግን ፈራሁና፣ ሐኪም ሳይጠየቅ አይሆንም ብዬ በትሕትና አስቆምኋቸው።

ግራ ያጋባኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ቅጠሉ አዲስ አበባ ቤታችን በረንዳ ላይ ካለው፣ አበባ ሻጮች «ስኔክ ፕላንት» ብለው ከሚሸጡልን ተክል ጋር በጣም ተመሳሰለብኝ። አረንጓዴ ሆኖ ጠቆር ያሉ መስመሮች በአግድም ያልፉበታል፤ ልዩነቱ ይኼኛው ጠበብ ያለና እንደ ጣሪያ አሸንዳ ወደ ውስጥ የጎደጎደ መሆኑ ነው። እናቴም ወዲያው፣ «ታዲያ ይህማ እኛም ቤት አለ፤ እስከ ዛሬ ውኃ ስናጠጣው የኖርነው ለጌጥ ብቻ ነበር ማለት ነው?» አለች።

በዚህ ላይ አንድ ዘመዳችን፣ ስኔክ ፕላንት በአዩርቬዳ፣ ማለትም በሕንድ ጥንታዊ ባህላዊ ሕክምና፣ ለሺህ ዓመታት የደም ግፊትን ለማውረድ ሲያገለግል የኖረ ዕፅ ነው የሚል ጽሑፍ በቴሌግራም ላከልን። እናቴ የግፊት መድኃኒት መውሰድ ከጀመረች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ኪኒን መዋጥ ስለ ሰለቻትም ጽሑፉን ደጋግማ አስነበበችኝ። ሰፈሩ ውስጥ ባለ አንድ የአዩርቬዳ መድኃኒት መሸጫ ገብቼ ስጠይቅ ደግሞ ሻጩ «ሳርፓጋንዳ» የሚል ስም የተጻፈበት ዱቄት አውጥቶ፣ «ሳርፓ» እባብ ማለት ስለሆነ የእባብ ተክል የምትዪው ይኸው ነው አለኝ። አልገዛሁትም፤ እናቴ ግን አሁንም ስለ እርሱ ታነሣለች።

ጓሮው ውስጥ ያለው መሩል፣ ቤታችን ያለው ስኔክ ፕላንትና ዱቄቱ አንድ ተክል ናቸው? በአዩርቬዳ መጻሕፍት መድኃኒት ተብሎ የተጻፈውስ የትኛው ነው? ጭማቂውን ጆሮ ውስጥ ማድረግ ጉዳት ይኖረው ይሆን? የምታውቁ ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።


ዕፅ መርማሪ፦

እህቴ፣ እናትዎን ይማርልዎ። የመድኃኒት ዕፅዋትን ጠባይ ለተማሪዎች የማስተምር ሰው ነኝና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ተክሎች በሚመለከት የማውቀውን እጽፋለሁ፤ ሦስተኛውን፣ ማለትም ዱቄቱን፣ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ቢያብራራው ይሻላል። ለጊዜው እንዳይገዙት ብቻ አደራ እላለሁ።

ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ተክሎች ናቸው። በረንዳዎ ላይ ያለው ለረጅም ጊዜ «ሳንሰቬሪያ ትሪፋሲያታ» በሚል ሳይንሳዊ ስም ሲጠራ የኖረ ነው፤ የዲኤንኤ ጥናት ሳንሰቬሪያ የተባለው ወገን ከድራሲና ተለይቶ የሚቆም አለመሆኑን ስላሳየ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ «ድራሲና ትሪፋሲያታ» ተብሏል። ትውልዱ ከናይጄሪያ እስከ ኮንጎ ያለው የአፍሪካ ምድር ነው። የሚያስገርመው ግን ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው ሕንድ ውስጥ መሆኑ ነው፤ የካልካታ የዕፅዋት ማዕከል ኃላፊ የነበረው ዴቪድ ፕሬን የቤንጋልን ዕፅዋት በዘረዘረበት መጽሐፍ ውስጥ በ1903 እ.ኤ.አ. ስም ሰጠው። ስለዚህ ተክሉ በሕንድ አትክልት ቦታዎች ውስጥ እንግዳ እንጂ ባላገር አይደለም፤ በጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ በሳንስክሪት የጻፉ ሊቃውንት በመጽሐፋቸው ሊያሰፍሩት የሚችሉበት መንገድም አይታየኝም። «ስኔክ ፕላንት የአዩርቬዳ ጥንታዊ መድኃኒት ነው» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ይሰናከላል።

የቤቱ ባለቤት የቆረጡት መሩል ግን የሕንድ ተወላጅ የሆነው የዚሁ ተክል የሥጋ ዘመድ ነው፤ «ሳንሰቬሪያ ሮክስበርጊያና» ይባላል። ከ1793 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የካልካታውን የዕፅዋት ማዕከል በኃላፊነት በመራው በስኮትላንዳዊው ሐኪም በዊልያም ሮክስበርግ ስም የተሰየመ ነው። አሸንዳ ይመስላል ያሉት የቅጠሉ ቅርጽ ዋነኛ መለያው ነውና በትክክል አስተውለዋል፤ የበረንዳው ስኔክ ፕላንት ቅጠል ሰፋ፣ ጠፍጠፍ ያለና ከአንድ ሜትር በላይ ሊረዝም የሚችል ሲሆን የመሩል ቅጠል ግን ጠባብ፣ አጠር ያለና ጎድጓዳ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ጠንካራ ቃጫ ስላለ እንግሊዞች «የሕንድ የደጋን ቃጫ» ይሉት ነበር። የእኛ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም፤ በአዋሽ ሸለቆና በሌሎች ቆላማ ቦታዎቻችን የዚሁ ወገን የዱር ዝርያዎች ይበቅላሉ።

ወደ መጻሕፍቱ ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል፤ እኔም ከሁሉ በላይ የምወደው ክፍል ይህ ስለሆነ ትንሽ ብረዝም ይታገሡኝ። በአዩርቬዳ መጻሕፍት «ሙርቫ» የሚባል መድኃኒት አለ። ከአዩርቬዳ ጥንታውያን መጻሕፍት አንዱ በሆነው በቻራካ ድርሳን ውስጥ የምታጠባ እናት ወተት ተበላሽቷል ሲባል ለማጥራት ከሚሰጡት አሥር ዕፆች አንዱ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን ባቫ ሚሽራ ያዘጋጀው ባቫፕራካሻ የተባለው መጽሐፍም ጣዕሙ ጣፋጭና መራራ፣ ጠባዩ ከባድና ሆድን የሚያለሰልስ መሆኑን ገልጾ፣ ለጥማት፣ ለልብ ሕመም፣ ለሚያሳክክና ለቆሰለ ቆዳ፣ ለትኩሳት ይጠቅማል ይላል። ሙርቫ ግን በመድኃኒትነቱ ብቻ የሚታወቅ አይደለም፤ የማኑ ሕግ የተባለው ጥንታዊ የሂንዱ ሕግ መጽሐፍ በ2ኛው ምዕራፍ በ42ኛው ቁጥር ላይ የጦረኛው መደብ ልጅ የሚታጠቀው መታጠቂያ ከሙርቫ በተሠራ የደጋን አውታር ይሁን ብሎ ያዝዛል። እንግዲህ ሙርቫ ቃጫው ደጋን ለመወጠር የሚበቃ ተክል መሆኑ የታወቀ ነው።

የትኛው ተክል እንደሆነ ግን የሕንድ ሊቃውንት ራሳቸው አይስማሙም። እንዲህ ያለውን ማንነቱ የሚያከራክር ዕፅ «ሳንዲግዳ ድራቭያ» ይሉታል፤ «አጠራጣሪ ቅመም» እንደማለት ነው፤ ሙርቫም በዚህ ክርክር ግንባር ቀደም ከሆኑት አንዱ ነው። በቤንጋል መሩልን ራሱን ሙርቫ ይሉታል፤ በማሃራሽትራ ሌላ ሐረግ፣ በኬረላ ደግሞ ሦስተኛ ሐረግ በሙርቫ ስም ይሸጣል። የሕንድ መንግሥት የአዩርቬዳ መድኃኒቶች መዝገብ የተቀበለው «ማርስዴኒያ ቴናሲሲማ» የተባለውን ተጠምጣሚ ሐረግ ሥር ነው። እኔም ሚዛኑ ወደዚህ ያጋደለ ይመስለኛል፤ ምክንያቴም ሙርቫ በጥንት የሳንስክሪት መዝገበ ቃላት ከተሰጡት ተለዋጭ ስሞች አንዱ «ጎካርኒ»፣ ማለትም «የላም ጆሮ» መሆኑ ነው። የማርስዴኒያ ቅጠል ሰፊና የልብ ቅርጽ ያለው በመሆኑ የላም ጆሮ ቢባል ያምርበታል፤ እንደ ሰይፍ የቆመውን የመሩል ቅጠል ግን ማንም ላም ያየ ሰው የላም ጆሮ አይለውም። በቃጫ በኩልም ቢሆን ማርስዴኒያ አያንስም፤ በራጅማሃል ኮረብቶች የሚኖሩ ሰዎች የደጋናቸውን አውታር የሚሠሩት ከእርሱ ነበር።

ለጥያቄዎ መልስ ስሰጥ እንግዲህ፣ የአዩርቬዳው ሙርቫ ምናልባት መሩል ሊሆን ይችላል፤ ይበልጥ የሚታመነው ግን ሌላ ሐረግ መሆኑ ነው፤ በረንዳዎ ላይ ያለው አፍሪካዊ ተክል ግን በየትኛውም ወገን ክርክር ውስጥ የለበትም። ሙርቫ መሩል ቢሆን እንኳ መጻሕፍቱ የሚያዝዙት ሥሩን እንጂ የቅጠሉን ጭማቂ አይደለም።


የባንጋሎር ተማሪ የነበርሁ፦

ወንድሜ ዕፅ መርማሪ የጻፉትን በአክብሮት አንብቤአለሁ፤ በአንድ ነገር ግን ላክልበት እወዳለሁ። የቤቱ ባለቤት ያደረጉት ነገር በአዩርቬዳ መጻሕፍት አለመገኘቱ ነገሩን ሥር የለሽ አያደርገውም። የቼናይና የአካባቢው ሕዝብ የሆኑት ታሚሎች የራሳቸው የሕክምና ሥርዓት አላቸው፤ «ሲድሃ» ይባላል። መጻሕፍቱ የተጻፉት በታሚል ቋንቋ ነው፤ የሕንድ መንግሥትም በ2014 እ.ኤ.አ. ለባህላዊ ሕክምናዎች ባቋቋመው ሚኒስቴር ሥር ከአዩርቬዳ ጎን ለጎን ራሱን የቻለ ዘርፍ አድርጎ ይዞታል። ከዚያ በታች ደግሞ በየጓዳው ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የቤት መድኃኒት አለ፤ የመሩል ጭማቂ ለጆሮ ሕመም የሚለው ልማድ የዚህ ዓይነቱ ነው። እኛ ዘንድ ዳማከሴ ለምች የሚጨመቀው መጽሐፍ ተገልጦ አይደለምና፣ ይህም እንደዚያው ነው።

የመሩል ታሪክ በጽሑፍ ጭምር የተመሰከረ ነው። ማድራስ ውስጥ፣ ማለትም በዛሬይቱ ቼናይ፣ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሐኪም ሆኖ ያገለገለው ዋይትሎ ኤንስሊ በ1826 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሕንድ መድኃኒቶች መጽሐፉ ላይ የታሚል ሐኪሞች የመሩልን ሥር ለቆየ ሳልና ለሚያከሳ የሳንባ በሽታ ከጣፋጭ ጋር አላቁጠው እንደሚሰጡ፣ የለጋውን ቅጠል ጭማቂ ደግሞ ጉሮሮአቸው በአክታ ለታፈነ ሕፃናት እንደሚያጠጡ መዝግቧል። እንግዲህ የዛሬ 200 ዓመት በዚያችው ከተማ የነበረ ልማድ ነው፤ ሴትዮዋ የነገሩዎት የአያታቸው ወሬ ከዚህ ጋር በደንብ ይገጥማል።

ይህን ስል ጆሮ ውስጥ ይጨመር ማለቴ አይደለም። ተማሪ ሳለሁ አብራኝ የተከራየች ልጅ የአዩርቬዳ ሕክምና ትምህርት ትማር ነበር፤ ትምህርቱ የአንድ ዓመቱን የልምምድ ጊዜ ጨምሮ አምስት ዓመት ተኩል ይፈጃል። ዕፆችን በሚያጠኑበት ትምህርት መምህሯ ደጋግመው ይሏት የነበረው፣ የተክሉ ስም ብቻ ሳይሆን የትኛው ክፍሉ፣ በምን ጊዜ ተቆርጦ፣ በምን ተዘጋጅቶ የሚለው ካልታወቀ መድኃኒት አልተሰጠም የሚለውን ነበር። በኢንተርኔት የሚዞረው ጽሑፍ ከእነዚህ አንዱንም አይነግረንም።


የበረንዳ አትክልተኛ፦

እኔ ከሦስት ዓመት ወዲህ አራት ድስት ስኔክ ፕላንት መኝታ ክፍሌ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ ሌሊት ኦክስጅን ይሰጣል፣ አየሩንም ከመርዝ ያጸዳል፣ ይህም ከአዩርቬዳ የመጣ ዕውቀት ነው ብለው ነግረውኝ ነው። እጄን ቢላ ሲቆርጠኝም ቅጠሉን እንደ እሬት ሰንጥቄ አደርግበታለሁ። ይህ ሁሉ ስሕተት ነው ማለት ነው?


ዕፅ መርማሪ፦

የባንጋሎር ተማሪ ስለ ሲድሃ የሰጡት እርማት ተገቢ ነው፤ እኔ ጥያቄውን በአዩርቬዳ አጥር ውስጥ ብቻ ይዤው ነበር፤ የኤንስሊንም ምስክርነት ማንሣት ነበረብኝ።

ለበረንዳ አትክልተኛ፦ የአየሩ ነገር የመጣው ከአዩርቬዳ ሳይሆን ከአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ከናሳ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. የናሳ ተመራማሪዎች ስኔክ ፕላንትን ጨምሮ ልዩ ልዩ የቤት ተክሎችን በትንንሽ ዝግ ሳጥኖች ውስጥ አስገብተው፣ እንደ ቤንዜንና ፎርማልዲሃይድ ያሉ ጎጂ ጋዞች እንደሚቀንሱ አዩ። ሰው የሚኖርበት ቤት ግን ዝግ ሳጥን አይደለም፤ በበርና በመስኮት አየር ይገባል፣ ይወጣል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የምርምር ዳሰሳ፣ ተክሎች ይህን ተራ የአየር ዝውውር ሊስተካከሉ የሚችሉት በአንድ ካሬ ሜትር ወለል ላይ ከ10 እስከ 1,000 ድስት ቢደረደር እንደሆነ አስልቶአል። የእርስዎ አራት ድስት ለዓይን ያምራሉ፤ ያ ይበቃቸዋል።

የሌሊቱ ኦክስጅንም የተገለበጠ ወሬ ነው። ስኔክ ፕላንት የደረቅ አገር ተክል ስለሆነ ውኃ ላለማባከን የቅጠሉን ቀዳዳዎች ቀን ዘግቶ ሌሊት ይከፍታል፤ ሌሊት የሚያደርገው ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስቦ በአሲድ መልክ ማከማቸት ነው። ኦክስጅን የሚሠራው ብርሃን ሲያገኝ፣ ማለትም ቀን ነው።

ቁስል ላይ ማድረጉን ግን ቢተዉት ይሻላል። ከእሬት ጋር የሚያመሳስለው የቅጠሉ ውፍረት እንጂ ውስጡ ያለው ፈሳሽ አይደለም፤ የስኔክ ፕላንት ጭማቂ ሳፖኒን የተባሉ ቅመሞች አሉበትና ቆዳን ሊያሳክክ ይችላል። በቅጠል የሚያራቡት ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ጠርዙ ቢጫ የሆነውን ዓይነት ቅጠሉን ቆርጠው ቢተክሉት የሚወጣው ልጅ ቢጫውን ጥሎ አረንጓዴ ብቻ ይሆናል። ቢጫው እንዲቆይ ከፈለጉ ከሥሩ ከፍለው ነው መትከል ያለብዎት።


መድኃኒት ቤት የምሠራ፦

የተከበሩ ጠያቂ፣ እኔ የመጣሁት ስለ ዱቄቱ ለመናገር ነው፤ ከጠየቁት ሁሉ አስቸኳዩ እርሱ ስለሆነ።

ሳርፓጋንዳ ከስኔክ ፕላንት ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ሳይንሳዊ ስሙ «ራውቮልፊያ ሰርፔንቲና» ሲሆን ከእኛ አጋም ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚመደብ፣ ቁመቱ ከጉልበት ብዙም የማይበልጥ ቁጥቋጦ ነው። ስሙ «የእባብ ሽታ» ወደሚል ትርጉም ይጠጋል፤ በሕንድ መንደሮች ለእባብ ንድፊያና አእምሮው ለታወከ ሰው ሥሩ ይሰጥ ነበር። ዘመድዎ የላኩት ጽሑፍ ምን እንደሠራ ከዚህ መገመት ይቻላል። የአንዱን እባብ ዝና ወስዶ ለሌላው እባብ አልብሶታል፤ የሳርፓጋንዳን ሥራ ለበረንዳው ተክል ሰጥቶታል ማለት ነው። «ለሺህ ዓመታት ለደም ግፊት» የሚለውም አይሆንም፤ ክንድ ላይ በሚጠመጠመው መሣሪያ ግፊትን መለካት የተጀመረው በ1896 እ.ኤ.አ. ነውና፣ ከዚያ በፊት ግፊቱ መውረዱን ማን ለክቶ አወቀ?

ሳርፓጋንዳ ግን እውነተኛ መድኃኒት ነው፤ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ሴንና ቦዝ የተባሉ ሁለት የካልካታ ሐኪሞች በ1931 እ.ኤ.አ. ለአእምሮ ሕመምና ለደም ግፊት እንደሚሠራ ጽፈው አሳወቁ። ቀጥሎም በ1949 እ.ኤ.አ. የቦምቤው የልብ ሐኪም ሩስቶም ጃል ቫኪል በ50 የግፊት ሕሙማን ላይ የሞከረውን በእንግሊዝ የልብ ሕክምና መጽሔት አወጣ፤ የዓለም ሐኪሞች ዓይናቸውን ወደ ሕንድ ያዞሩት ያኔ ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. ደግሞ በስዊዘርላንድ ያሉ ኬሚስቶች ከሥሩ ውስጥ ሬዘርፒን የተባለውን ንጥረ ነገር ነጥለው አወጡ። ሬዘርፒን በነርቭ ጫፎች ላይ የተከማቹትን፣ ደም ሥር እንዲኮማተርና ልብ እንዲፈጥን የሚያደርጉትን መልእክተኛ ቅመሞች ያሟጥጣል። ግፊቱ የሚወርደው በዚህ ነው፤ ነገር ግን እነዚያው ቅመሞች አእምሮ ውስጥም ሥራ ስላላቸው ሕመምተኛው ድብታና ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ሊይዘው፣ አፍንጫው ሊታፈን፣ የልቡ ምት ሊዘገይ፣ የጨጓራ ቁስሉም ሊባባስበት ይችላል። የተሻሉ መድኃኒቶች ሲመጡ ሐኪሞች የተዉት በዚህ ምክንያት ነው።

እናትዎ ለልብ ምርመራ የመጡ፣ የግፊት መድኃኒትም የሚወስዱ ናቸው። የሚወስዱት መድኃኒት የልብን ምት የሚያዘገይ ዓይነት ከሆነና ይህ ዱቄት ከተጨመረበት ምታቸው ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ኪኒኑን አቋርጠው ዱቄቱን ብቻ ቢወስዱም አያዋጣም፤ በኪኒን ውስጥ ያለው መጠን ተለክቶ የታወቀ ሲሆን በሥር ዱቄት ውስጥ ያለው ግን እንደ ተክሉ ዕድሜና እንደ በቀለበት ቦታ ይለያያል። ሬዘርፒን ከሰውነት ቶሎ የሚወጣ ባለመሆኑም፣ ስሕተቱ ከታወቀ በኋላ እንኳ ጉዳቱ ለቀናት ይቆያል። በተጨማሪም በ2004 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በቦስተን አካባቢ ከሱቅ ተገዝተው ከተመረመሩ 70 የደቡብ እስያ የአዩርቬዳ መድኃኒቶች ውስጥ 14ቱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቶባቸው ነበር። ሁሉም እንዲህ ናቸው ማለት አይደለም፤ ምንነቱ ያልታወቀ ዱቄት ለልብ ሕመምተኛ አይሰጥም ማለት ግን ነው።

ስለ ጭማቂው ደግሞ አንድ ቃል ልጨምር። ዕፅ መርማሪ ያነሡት ሳፖኒን እንዶድ ውስጥ ያለው ዓይነት አረፋ የሚያወጣ ነገር ነው። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዐድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩት በዚሁ ቅመም ምክንያት ነው። የሳፖኒን ዓይነቱና ብርታቱ በየተክሉ ይለያያል፤ ስኔክ ፕላንት እንደ እንዶድ ብርቱ ነው አልልም። ቢሆንም ድመት ወይም ውሻ ስኔክ ፕላንትን ቢያኝክ ያስታውከዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ ልጅ ቢነክሰውም አፉን ያቃጥለዋል። ጆሮን በተመለከተ ደግሞ ታምቡሩ ተቀዶ እንደሆነ ከውጭ አይታወቅም፤ ከተቀደደ የተጨመረው ሁሉ ከታምቡሩ በስተጀርባ ወዳለው ወደ መካከለኛው የጆሮ ክፍል ይዘልቃል። ከጓሮ የተቆረጠ ቅጠል በእሳት ለብ ስላለ ከጀርም ነጻ ሆነ አይባልም። ማስቆምዎ ትክክል ነበር።


የባንጋሎር ተማሪ የነበርሁ፦

ለመድኃኒት ቤት ባለሙያው አንድ ጥያቄ አለኝ። የመሩል ሥር የስኳር በሽታንና ዕጢን እንደሚዋጋ በምርምር ተረጋግጧል የሚሉ ጽሑፎች አይቻለሁ፤ ይህስ እንዴት ነው?


መድኃኒት ቤት የምሠራ፦

ምርምሮቹ አሉ፤ «ተረጋግጧል» የሚለው ቃል ነው የሌለው። ሕንድ ውስጥ ከመሩል ሥር የተጨመቀ ነገር ስኳር እንዲይዛቸው ለተደረጉ አይጦች ተሰጥቶ ስኳራቸው ቀንሷል፤ ዕጢ በተከተበባቸው አይጦች ላይም ተሞክሮ ተስፋ ሰጪ ውጤት ታይቷል። በበረንዳው ስኔክ ፕላንት ቅጠል ላይም ሕመምንና ትኩሳትን ስለ ማስታገስ በአይጥ ላይ ተመሳሳይ ሙከራ ተደርጓል። ይህ ሁሉ በአልኮል ወይም በሌላ ፈሳሽ ተነጥሎ፣ በሚሊ ግራም ተለክቶ የተሰጠ እንጂ በማንኪያ የተጨመቀ አይደለም። አይጥ ላይ የሠራ ነገር ሰው ላይ ሳይሠራ የቀረበት ጊዜ ከሠራበት እጅግ ይበልጣል።


የቼናይ እንግዳ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰድኋት፤ በመብራት አይቶ ታምቡሩ ደኅና እንደሆነ፣ ደፍኖ የያዛት ግን የደረቀ ኩክ መሆኑን ነገረን። ማለስለሻ ጠብታ ሰጥቷት ዛሬ ጠዋት አጥቦ አወጣላት። እናቴ ከክሊኒኩ ስንወጣ የመኪናው ጥሩምባ ሁሉ በረታባት።

የቤቱ ባለቤት ይቀየሙኝ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ኩኩን ስነግራቸው ግን ከት ብለው ሳቁና፣ ጭማቂው ቢገባ ኖሮ ኩኩን ያለሰልሰው ነበር ብለው ተከራከሩኝ። መልስ አጣሁላቸው። ስለ ዱቄቱ ለልብ ሐኪሙ ነገርሁት፤ የእናቴ መድኃኒት በእርግጥም የልብ ምት የሚያዘገይ ዓይነት ስለሆነ በፍጹም እንዳትነካው አስጠነቀቃት። ከእኔ ይልቅ እርሱን ሰምታለች።

አሁን የቀረችኝ አንዲት ጥያቄ ናት። ሴትዮዋ ለእናቴ መታሰቢያ እንዲሆናት ከመሩሉ ሥር ከፍለው በጨርቅ ጠቅልለው ሰጥተዋታል፤ እናቴም አዲስ አበባ ወስጄ ከስኔክ ፕላንቱ ጎን እተክለዋለሁ ትላለች። ይቻላል?


ዕፅ መርማሪ፦

እንኳን ደስ ያላችሁ። ሴትዮዋ ስለ ማለስለሱ የተናገሩት ምናልባት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለብ ያለ ማንኛውም ፈሳሽ ደረቅ ኩክን በመጠኑ ያለሰልሳል። ልማዱ ትውልድ የተሻገረው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ሠርቶ ይሆናል፤ ታምቡሩ መቀደዱን አስቀድሞ የሚያይ ሰው በጓዳ ስለሌለ ነው ችግሩ።

ሥሩን ግን በሻንጣ ይዛችሁ እንዳትመጡ። ሕይወት ያለው ተክል ወደ አገር ለማስገባት ከተነሣበት አገር የዕፅዋት ጤንነት ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ይወሰድባችኋል፤ ከሥሩ ጋር የሚመጣው አፈርም ተባይና በሽታ ይዞ ሊገባ ይችላል። እናትዎ ቅር እንዳይላቸው፣ ሲመለሱ በአዋሽ በኩል የሚያልፉበት ቀን ካለ ከመንገዱ ዳር ወደ ግራርና ወደ ቁጥቋጦው ሥር ይመልከቱ፤ የመሩል ዘመዶች እዚያው እንደ ሰይፍ ቆመው ያገኟቸዋል።